እንዶድና ቀዝቃዛው ውሃ

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በአጥር ጥግ፣ በጅረት ዳርና በጫካ ጠርዝ የሚበቅል፣ ራሱን ችሎ ከመቆም ይልቅ ዛፍ ወይም አጥር ተደግፎ የሚወጣ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይባላል። ወንዴውና ሴቴው ተክል ለየብቻ በመሆናቸው ፍሬ የሚገኘው ከሴቴው ብቻ ነው፤ ፍሬውም በዘለላ ላይ ተደርድሮ አረንጓዴ ሆኖ ያድግና ሲበስል ይቀላል። ስለ መልኩ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም፤ በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰፊ ማብራሪያ የሚገባው ግን ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የሚሆነው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ይህ ተክል ሳሙናም፣ መድኃኒትም፣ መርዝም የሚሆንበት ኃይል ከሞላ ጎደል የሚወለደው በዚያን ጊዜ ነው፤ ስለ እንዶድ ከሚነገረውና ከሚጻፈው አብዛኛው ግን ይህን ነገር ሳያነሣ ያልፋል።

ፋብሪካ ሠራሽ ሳሙና በየገበያው ከመዳረሱ በፊት ነጠላውም፣ ጋቢውም፣ ቀሚሱም የሚነጣው በእንዶድ ነበር። የደረቀው ፍሬ በሙቀጫ ተወቅጦ ከውሃ ጋር ሲታሽ ብዙ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውም የጥጡን ፈትል ሳይጎዳ እድፉን ያለቅቃል። በባህል ሕክምና ደግሞ ሥሩ፣ ቅጠሉና ፍሬው ለየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ የኮሶ ትልንና ሌሎች የአንጀት ትሎችን ለማስወጣት፣ ለማስመለስና ሆድ ለማጠብ፣ ለእከክና ለሌሎች የቆዳ በሽታዎች፣ ለወፍ በሽታ፣ ለጨብጥ፣ ለእብድ ውሻ በሽታ፣ ለከብትም አልቅት ለማስለቀቅ ሲሰጡ ኖረዋል። ሴቶች ጽንስ ለማስወረድ እንደሚጠጡትም የታወቀ ነው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በውጭ አካል ላይ የሚደረገውና ወደ ሆድ የሚገባው ተለይተው መታየት ሲገባቸው፣ ብዙ ሰው «የአባቶቻችን መድኃኒት ነው» በሚል አንድ ቃል ሁሉንም አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል። ይህ ትልቅ ስንፍና ነው። የቀደሙት መድኃኒት አዋቂዎች እንዶድን የሚፈሩት ስለሚያውቁት ነበር፤ መጠኑንም ሰውየውንም መዝነው ይሰጡ ነበር እንጂ በኩባያ አይቀዱትም ነበር። ዛሬ ጽንስ ለማስወረድ ብላ እንዶድ የምትጠጣ ሴት ሕይወቷን አደጋ ላይ ትጥላለች፤ ያበደ ውሻ ነክሶት በእንዶድ ሥር ተማምኖ ክትባቱን የሚተው ሰውም እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱም የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

የኃይሉ ምንጭ ሳፖኒን የሚባል ውህድ ነው። ሳፖኒን በብዙ ተክሎች ውስጥ የሚገኝ፣ አንድ ወገኑ ስብን፣ ሌላው ወገኑ ውሃን የሚወድድ ሞለኪውል ሲሆን፣ ከውሃ ጋር ሲናወጥ አረፋ የሚያወጣውም፣ ስብ ያለበትን እድፍ ይዞ ወደ ውሃው የሚጎትተውም በዚህ ጠባዩ ነው። በእንዶድ ውስጥ ስብ ወዳዱ ወገን በአብዛኛው ኦሊያኖሊክ አሲድ የተባለው ውህድ ሲሆን፣ ውሃ ወዳዱ ወገን በእርሱ ላይ የተቀጠለ የስኳር ሰንሰለት ነው። ሳፖኒን የሕያው ሴል ሽፋን ውስጥ ያለውን የስብ ዓይነት ሲያገኝ ሽፋኑን ይበሳዋል፤ ቀይ የደም ሴል በሳፖኒን የሚፈርሰው፣ ዓሣ በስንጥቡ በኩል የሚመረዘው፣ ቀንድ አውጣም የሚሞተው በዚሁ መንገድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስለ ማንኛውም ሳፖኒን ያለው ተክል ሊባል የሚችል ነው። እንዶድን ለብቻው የሚያቆመው ነገር በስዊዘርላንድ፣ በሎዛን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኩርት ሆስቴትማን በሚመራው የዕፅዋት ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ግልጽ ሆኗል። ዶሞንና ሆስቴትማን እ.ኤ.አ. በ1984 በስዊዘርላንድ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት እንደተመለከተው፣ ፍሬውን ሜታኖል በተባለው አልኮል የቀዳ ሰው የሚያገኘው ሳፖኒንና በውሃ የቀዳ ሰው የሚያገኘው ሳፖኒን የተለያዩ ናቸው። በአልኮል የሚወጣው ሳፖኒን በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት የተቀጠለበት ሲሆን ቀንድ አውጣን አይገድልም፤ በውሃ የሚወጣው ግን አንዱን ሰንሰለት ያጣ፣ ባለ አንድ ሰንሰለት ሳፖኒን ሲሆን፣ ገዳዩም እርሱ ነው። ፍሬው ሳይነካ በዘለላው ላይ እያለ በውስጡ ያለው ባለ ሁለት ሰንሰለቱ ነው፤ ይኸውም ሰገባው ውስጥ እንዳለ ቢላዋ ማንንም አይቆርጥም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲገባበት ግን በራሱ በፍሬው ውስጥ ተለይቶ የተቀመጠ ኢንዛይም፣ ማለትም በሕያው አካል ውስጥ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ከሳፖኒኑ ጋር ይገናኝና ሁለተኛውን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጠዋል። መርዙ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሳይሆን በወቀጣና በውሃ የሚሠራ ነው ማለት ነው።

የዚህ ግኝት ትርጉም ከኬሚስትሪ መጽሔት ገጽ በጣም ይሰፋል። በዘመናዊ ቤተ ሙከራ አንድን የመድኃኒት ተክል ለመመርመር የተለመደው የመጀመሪያ እርምጃ ደርቆ የተፈጨውን ተክል በአልኮል መቅዳት ነው፤ በዚህ ልማድ ብቻ የሄደ መርማሪ እንዶድን ደካማ ወይም ዋጋ ቢስ ብሎ መዝግቦ ሊያልፈው ይችል ነበር። በጅረት ዳር ተቀምጣ እንዶድ የምታሽ ሴት ግን ከወቀጣው እስከ መዘፍዘፉ ድረስ ያለውን ቅደም ተከተል በትክክል ታውቀዋለች፤ ፍሬውን ታደቅቀዋለች፣ በቀዝቃዛ ውሃ ትዘፈዝፈዋለች፣ ለጥቂት ጊዜ ትተወዋለች፣ ከዚያም ታሸዋለች። የኢንዛይም ሳይንስ ለዚህ ሥራ የሚያዘው አሠራርም ይኸው ነው። ስለዚህ የባህል እውቀት ሲባል የተክሉን ስም ማወቅ ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ በእንዶድ ረገድ እውቀቱ ያለው በአሠራሩ ውስጥ ነው፤ ተክሉን ብቻ ወስዶ አሠራሩን የሚተው ሁሉ ግማሹን ጥሎ ይሄዳል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ስሕተት አለ፤ «እንዲጠነክር» ብለው ፍሬውን ሳይወቅጡ መቀቀል። ሙቀት ኢንዛይምን ያበላሻል፤ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጀምር ከተበላሸ ደግሞ ሳፖኒኑ ሰንሰለቱን እንደያዘ ይቀራል። ፍሬው እስኪቀላ ጠብቆ መልቀምም ሌላው ስሕተት ነው፤ የሳፖኒኑ መጠን የሚበዛው ፍሬው ሙሉ በሙሉ አድጎ ገና አረንጓዴ ሳለ በመሆኑ፣ መለቀም ያለበት ከመቅላቱ በፊት ነው። በፀሐይ ማድረቅ ግን ጉዳት የለውም፤ የደረቀው ዱቄት ኢንዛይሙን እንደያዘ ስለሚቆይ ውሃ ሲያገኝ ሥራውን ይጀምራል። ዱቄቱ ዓይንንና አፍንጫን ክፉኛ ስለሚያሳክክና ስለሚያስነጥስ፣ የሚወቅጠው ሰው አፍንጫውንና አፉን በጨርቅ መሸፈን፣ ሕፃናትንም ማራቅ ይኖርበታል።

እንዶድ ከሳሙናነት ወጥቶ በዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቱን በሚያጠናቅቅበት ዘመን ቢልሃርዝያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዶ ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው አየ። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ተይዘው የእንዶድ አረፋ ሲጨመርባቸው ሞቱ፤ ግኝቱም ከዚያ ጀመረ። ቢልሃርዝያ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ በኩል የሚያልፍ የትል በሽታ ነው፤ ከታመመ ሰው በሰገራ ወይም በሽንት የሚወጣው የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ እጩ ወደ ቀንድ አውጣው ገብቶ ይባዛል፣ ከዚያም ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ ኢንስቲትዩቱም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከእርሱ ጋር የሠራው ለገሰ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳድሮ ዓይነት 44 የተባለውን፣ በፍሬ ብዛትና በኃይል የላቀውን መረጠ። በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ የተለየው ገዳይ ሳፖኒንም በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተባለ። በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ የአካባቢው ፍሬ ተሰብስቦ በጅረቶቹ ውስጥ ከተጨመረ በኋላ፣ ወደ 17 ሺህ ከሚጠጉት ነዋሪዎች መካከል የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ዝቅ ማለቱ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተዘግቧል። ከሁሉ ይበልጥ ትርጉም ያለው የሕፃናቱ ቁጥር ነው፤ አዲስ መያዝ መቆሙን የሚያሳየው በሙከራው ዘመን የተወለዱትና ያደጉት ልጆች ናቸውና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በኢትዮጵያውያን ዘንድ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጄኔቭ ላይ ተቀምጦ እንዶድን ጣለው ይባላል። ይህ አነጋገር ቁጭት አለበት፣ ቁጭቱም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ነገሩን አሳንሶ ስለሚያሳይ ሊታረም ይገባዋል። ድርጅቱ እንዶድ ቀንድ አውጣ አይገድልም አላለም። የጠየቀው ሕዝብ በሚጠቀምበት ውሃ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት በሰውና በእንስሳት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ደረጃውን በጠበቀ ምርመራ እንዲታወቅ ነው፤ ጥያቄው ራሱ ትክክል ነበር። ስሕተቱ የነበረው ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንደተጫነ ነው። በዘመኑ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ በስፋት ተቀባይነት የነበረው ኒክሎሳማይድ፣ ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚያመርተው፣ ለምርመራው ገንዘብ የሚያወጣና በሽያጩ የሚያተርፍ ባለቤት ነበረው። እንዶድ ግን የማንም ስላልሆነ፣ ወይም በትክክል ለመናገር የሁሉም ስለሆነ፣ ስለ እርሱ ውድ ምርመራ የሚከፍል ኩባንያ አልነበረም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ደግሞ ያን ወጪ ብቻውን ሊሸከም አይችልም ነበር። ድሃ አገር በርካሽ ዋጋ ራሷን እንድትከላከል የሚያስችለው ተክል በርካሽነቱ ምክንያት ወደ ኋላ ቀረ። አክሊሉ ራሱ ከዚህም አልፎ፣ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ በአፍሪካውያን የተገኘ ውጤት በቀላሉ አለመታመኑን ደጋግሞ ተናግሯል። የሚያሳዝነው ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1977 የባህል ሕክምና ምርምርና ሥልጠና እንዲስፋፋ በውሳኔ አባል አገሮችን ያሳሰበው በዚያው ዘመን መሆኑ ነው፤ ውሳኔው ከወረቀት ወደ ገንዘብ ቢሸጋገር ኖሮ እንዶድ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ በሆነ ነበር።

ምርመራው በመጨረሻ የተደረገው በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ግምገማ እንዶድ ዓይንን ክፉኛ የሚያስቆጣና ዓሣን የሚገድል ቢሆንም፣ በአግባቡ ቢያዝ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያነት እንዳይውል የሚከለክል ነገር እንዳልተገኘበት አመልክቷል። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ አክሊሉ ለማና ለገሰ ወልደዮሐንስ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል። ነገር ግን እስከዚያ ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ተስፋፍቶ የቢልሃርዝያ ሥራ ወደ መድኃኒት ማደል ዞሮ ነበር። እንክብሉ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ልጁ በማግሥቱ ወደዚያው ጅረት ሲገባ እንደገና እንዳይያዝ ግን አያደርገውም። ይህን በማየት ይመስላል፣ የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2012 ቢልሃርዝያን ለማጥፋት ባወጣው ውሳኔ ቀንድ አውጣን መቆጣጠርን ከሌሎቹ እርምጃዎች ጋር አብሮ ያነሣው፤ በ2017ም ድርጅቱ ቀንድ አውጣ ማጥፊያዎችን በመስክ ስለመጠቀም መመሪያ አሳትሟል። እንዶድ በዚያ ሥራ ውስጥ የሚገባውን ቦታ ገና አላገኘም።

ስዊዘርላንድ እንዶድን የምታውቀው ግን ከዓለም ጤና ድርጅት በፊት ነው። ተክሉን በሳይንሳዊ ስሙ ያሳተመው ሌሪቲዬ የተባለው ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1800 በፓሪስ በሰው እጅ ከተገደለ በኋላ የደረቁ ዕፅዋት ስብስቡን የገዛው የጄኔቩ ሊቅ ኦጉስታን ፒራሙስ ደ ካንዶል ነበር፤ የደ ካንዶል ስብስብም ዛሬ በጄኔቭ የዕፅዋት ማኅደር ይገኛል። የሎዛኑ የፋርማሲ ትምህርት ቤትም ከጄኔቩ ጋር ሲዋሐድ የሆስቴትማን ቤተ ሙከራ ወደ ጄኔቭ ተዛውሯል፤ እንዶድ በስዊዘርላንድ የተጠናበት ሙያ በዚያ ቀጠለ።

በጄኔቭ እንዶድን የሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚዘጋው ባለ ዛጎል እንስሳ በተስፋፋ ጊዜ፣ በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በዚህ አጠቃቀም ላይ የአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠ። የአክሊሉ ስም ከፈጣሪዎቹ መካከል ቢኖርም፣ እንዶድን ለዘመናት ሲወቅጡ የኖሩት ሰዎች በመብቱ ውስጥ የተለየ ድርሻ አልነበራቸውም፤ ከዚያ ጀምሮ እንዶድ የባህል እውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መወሰዱን ለማሳየት ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ሆነ። በጄኔቭ የሚገኘው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በተቀበሉት ውል፣ በሕያዋን ሀብትና ከእርሱ ጋር በተያያዘ የባህል እውቀት ላይ የተመሠረተ ፈጠራ መብት የሚጠይቅ ሰው ሀብቱ ከየት አገር፣ እውቀቱም ከየትኛው ሕዝብ እንደመጣ እንዲያስታውቅ ተደንግጓል። ውሉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የተጠየቀን መብት ስለማይነካ ለእንዶድ ያለፈው አልፏል፤ ለሚመጣው ግን ጠቃሚ ነው። የእንዶድ ታሪክ እንደሚያሳየው የተክሉ ስም ብቻ በማመልከቻ ላይ መጻፉ በቂ አይሆንም፤ መወቀጡና በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፉ፣ ማለትም አሠራሩ፣ በአገር ውስጥ በቅድሚያ በጽሑፍ መመዝገብ አለበት፤ ያልተጻፈ አሠራር የማን እንደሆነ በሸንጎ ፊት ለማስረዳት አስቸጋሪ ነውና።

እንዶድ ጉድለት እንዳለበትም መታወቅ አለበት። በአንድ ሊትር ውሃ በአሥራዎቹ በሚቆጠር ሚሊግራም የቀንድ አውጣውን ሕይወት ቢያጠፋም እንቁላሉን አይገድልም፤ በውሃ ውስጥም በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉን ያጣል። መበላሸቱ በአንድ በኩል በረከት ነው፤ በውሃውና በአፈሩ ውስጥ ተጠራቅሞ አይቀርምና። በሌላ በኩል ግን እንቁላሉ ሲፈለፈል ሥራው መደገም ስላለበት አንድ ጊዜ ጨምሮ መርሳት አይቻልም። ዓሣ በሚረባበት ኩሬና ወንዝ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ መጨመር የለበትም፤ ዓሣ ለመያዝ ብሎ እንዶድ የሚበጠብጥ ሰው ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ አብሮ ስለሚጨርስ ሊወቀስ ይገባዋል።

በአጥሩ ላይ እንዶድ ያለው አንባቢ ሴቴውን ከወንዴው ለይቶ ሁለቱንም ይተዋቸው፤ ወንዴው «ፍሬ የለውም» ተብሎ ሲቆረጥ ሴቴው ፍሬ እንደሚያጣ የሚረሳ ብዙ ነው። ፍሬውን ሳይቀላ ይልቀመው፣ በፀሐይ ያድርቀው፣ አፍንጫውን ሸፍኖ ይውቀጠው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ጋቢውን ይጠብበት፤ አይጠጣው። በቢልሃርዝያ የተጠረጠረ ሰው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ እንዶድ ውሃውን ያጸዳል እንጂ በሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል አያክምም።